ላልታመመ ሰው የሚሰጥ ክኒን

የቲቢ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎንደር ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ በሩ ወደ ግቢው የሚከፈት፣ መስኮቶቹ ክረምት ከበጋ የማይዘጉ ክፍል ነው። የማይዘጉት ነፋስ እንዲገባ ነው፤ በዚህም የተነሳ ዓመቱን ሙሉ ሹራብ ደርቤ እውላለሁ። ሰው ደጅ ሆኖ ሲያስል ስንት ሳምንት እንደቆየበት ከድምፁ መገመት ለምጃለሁ። ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ተሳሳትሁበት ጊዜ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ወደ ክፍሌ መጣ። የሚያስተምረው የጤና ምጣኔ ሀብት ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ካለበት ቤት ውስጥ አብረውት የሚኖሩት፣ ገና ያልታመሙት፣ ጀርሙ በውስጣቸው ተኝቶ ሊኖር ይችላል። ሳይነቃ በፊት ክኒን ቢወስዱ ብዙዎቹ ሳይታመሙ ይቀራሉ። ይህን እኔም ለሰው ሁሉ ስናገረው የኖርሁት ነው። እሱ ማወቅ የፈለገው ዋጋውን ነበር። ሰው ከታመመ በኋላ ለማከም የሚወጣው ወጪና ሳይታመም ለመከላከል የሚወጣው ሲመዘን የቱ ያዋጣል? ከቤተሰቡስ ኪስ የሚወጣው ምን ያህል ነው?

መልሱ ግልጽ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ግልጽ ስለሆነ ብቻ በጀት አይመደብለትም፣ ሲስተር» አለኝ።

በሽታውን የሚያውቅ፣ ከገጠር ሰው ጋርም መነጋገር የሚችል ጠያቂ ይፈልግ ነበር። ኃላፊዬን አስፈቅጄ እሺ አልሁ። እውነቱን ለመናገር ለጥናቱ ጓጉቼ አይደለም። ከዚያ ነፋሻ ክፍል ለጥቂት ሳምንት መውጣት ፈልጌ ነው።

የደረሰኝ ጃናሞራ ነው። እስከ ደባርቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጭነት በያዘ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ፣ አፈር ለብሼ መካነ ብርሃን ገባሁ። በማግስቱ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይዛኝ ወጣች። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ከሄድን በኋላ በገብስ ማሳ መካከል ካለ አንድ ቤት ደረስን።

ታማሚው ስድሳ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። አገሬው አያ ይላቸዋል፤ እኔም አያ አልኋቸው። ሕክምናቸውን ከጀመሩ አራት ወር ሆኗቸው ሳሉ ቀንሷል፤ ጉልበታቸው ግን አልተመለሰም። አብረዋቸው የሚኖሩት ሚስታቸው፣ ባሏ የሞተባት ልጃቸውና የእሷ ሁለት ሕፃናት ናቸው። አባትየው ከወደቁ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው ይህች ልጃቸው ነበረች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። እንጨቱ፣ ውኃው፣ በጎቹ፣ ወፍጮው ሁሉ የእሷ ነው። የበግ ጠጉር ፈትላም ለሸማኔ ትሸጣለች። እኛ ስንገባ እንዝርቷን አላስቀመጠችም፤ እየፈተለች ነው ያነጋገረችን።

መጠይቁ የሚሞላው ታብሌት ላይ ነው፤ ከአያ ጀመርሁ። ወደ ሕክምና ሲመላለሱ ለመኪና ምን እንዳወጡ፣ ለምግብ ምን እንዳወጡ፣ የሸጡት ከብት እንዳለ ጠየቅሁ። ሁለት በግና አንድ ወይፈን ሸጠዋል። ስለ ሥራ ቀን የሚጠይቀው ጋ ስንደርስ ግን ተያዝን። ታብሌቱ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ያልሠሩበት አንድ ቀን በብር ሲተመን ስንት ነው የሚል።

«በየትኛው ወር?» አሉኝ።

በአማካይ ብለው ይንገሩኝ አልኋቸው።

«ልጄ፣ የእኔ ቀን በሰኔና በጥር እኩል አይደለም። በሰኔ አንድ ቀን ከተኛሁ ዓመቱን ነው የተኛሁት። በጥር ወር ሙሉ ብተኛ ማን ያየኛል? አንቺ የትኛውን ነው የምትጽፊው?»

ቀና ብዬ ወደ ኤክስቴንሽኗ ተመለከትሁ፤ እሷም መሬት መሬት ታያለች። በመጨረሻ በአካባቢው ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ጻፍሁ። አያም ጽፌ ስጨርስ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት።

ቀጥሎ የሌሎቹ ተራ ሆነ። ሁሉንም መረመርናቸው። የሚያስል የለም፣ የሚያተኩሰው የለም፣ የከሳም የለም። ስለዚህ የመከላከያ ክኒኑ ይገባቸዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሦስት ወር የሚወሰድ ነው። ኤክስቴንሽኗ በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ታመጣለች። ሽንታቸው ቢቀላ እንዳይደነግጡ፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን ቶሎ እንዲነግሩን አስረዳሁ። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ። ልጃቸው ግን እንዝርቷን አቆመች።

«ምነው? እኔ ምን ሆንሁና?»

ምንም አልሆንሽም፣ ጀርሙ ግን እንደ ተዳፈነ እሳት ውስጥሽ ሊኖር ይችላል፣ መቼ እንደሚነድ አይታወቅም አልኋት። በየቤቱ የምለው ይህንኑ ነው።

«ያልታመመ ሰው መድኃኒት ሲውጥ አይቼ አላውቅም» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋም፣ ልጆቹ የሚወስዱ ከሆነ እሷም እንደምትወስድ፣ ልጆቿ ብቻቸውን እንደማይውጡ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ክኒን እፊቴ ዋጠች። ልጆቹም እሷን እያዩ ዋጡ።

እኔ ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ክኒኑ እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ ሳይቋረጥ ሄደ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን በእኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቀው መቼ ይከፈታል የሚለው ብቻ ነው። ኔትወርክም አብሮ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ክፍሌ ውስጥ ታማሚ ተቀምጧል፣ ደጁ በሰው ሞልቷል። የደወለችው ኤክስቴንሽኗ ነበረች። ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ላይ የወጣች መስሎኝ ነበር፤ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል። እጇ ላይ ያለው ክኒን ለቤተሰቡ ሁሉ እንደማይበቃ፣ አዲስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ እንደሌለ ነገረችኝ። ለሁሉም ብታከፋፍለው ማንም አይጨርስም።

«ለማን ልስጥ?» አለችኝ።

መመሪያው ሕፃናትን አስቀድሙ ይላል። ለሁለቱ ልጆች እስኪጨርሱ ድረስ ያዢላቸው፣ የሚተርፈውን ደግሞ ለአሮጊቷ ስጪ አልኋት። አሮጊቷ በሽተኛውን የሚያስታምሙ ናቸው፣ ሰውነታቸውም ደካማ ነው።

«ልጃቸውስ?»

«እሷ ጠንካራ ናት። መንገዱ ሲከፈት ትቀጥላለች።»

እሺ ብላ ዘጋች። ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። እኔም እፊቴ ወደ ተቀመጠው ታማሚ ዞርሁ።

ክረምቱ እንደዚያው አለፈ። መንገዱ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ክኒኑ ሲገኝ መኪና የለም፤ መኪና ሲገኝ ክኒኑ የለም። የአያ ልጅ እንደገና ልትጀምር የምትችልበት ጊዜ መጥቶም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አልደወልሁም። ክፍሌ ውስጥ በየቀኑ አዲስ ሰው አለ። ሰው ሲደክመው የሚረሳው የራሱን ጉዳይ አይደለም፣ ሩቅ ያለውን ነው።

ጥምቀት ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ካርዶች እያስተካከልሁ ሳለ ከደጅ ሳል ሰማሁ። ደረቅ አይደለም፤ ከሥር የሚመጣ ነው። ሁለት ወር ይሆነዋል ብዬ ገመትሁ። ተራዋ ደርሶ ስትገባ መጀመሪያ አላወቅኋትም። ፊቷ አጥንት ብቻ ሆኗል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣

«አያ ናቸው የላኩኝ። ያችን ሲስተር ፈልጊ አሉኝ» አለች።

አክታዋ ተመረመረ፤ ቲቢ ነው። ለምን እዚያው መካነ ብርሃን እንዳልታየች ጠየቅኋት። ሰው ካወቀ ፈትሏን የሚገዛት እንደማይኖር፣ ልጆቿንም ከልጆች ጋር እንደማያጫውቷቸው ነገረችኝ። ልጆቿ ደህና ናቸው፤ ከእናቷ ጋር ትታቸው ነው የመጣችው። ጎንደር ያረፈችው አንድ ክፍል ከተከራየች አክስቷ ዘንድ ነበር። በሦስተኛው ቀን አከራይቱ ሳሏን ሰምተው አስወጧት።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ እናቴ ቤት ይዣት ሄድሁ። አራዳ ነው የምንኖረው፣ እኔና እናቴ ብቻችንን። አባቴ በሕይወት ሳለ ጨርቅ ይነግድበት የነበረው ሱቅ ተከራይቷል። ከጓሮ በኩል ግን የራሱ በርና መስኮት ያለው እቃ ቤት ነበር። አጽድተን አልጋ አስገባንላት። እናቴን ስለ በሽታው አልደበቅኋትም። ሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒት እስክትወስድ ድረስ እንዳትጠጋት፣ መስኮቱን እንዳትዘጋው ነገርኋት። እናቴም እንግዳ አይመለስም፣ የቀረውን አላህ ያውቃል ብላ አንሶላ ፍለጋ ገባች።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። እኛ እንጾማለን፣ እሷም ትጾማለች። ሥጋ የእናንተ፣ ሥጋ የእኛ የሚባል ጣጣ ስላልነበረ አንዱ ጭንቀት ቀለለ። ግን እኔ የምፈልገው እንቁላልና ወተት እንድትወስድ ነው፤ በሽተኛ አይጾምም ብዬ ብለምናት አሻፈረኝ አለች። እናቴ ጎረቤት ካሉ ክርስቲያን ወዳጇ ጠይቃ በየቀኑ የሱፍ ፍትፍት ትሠራላት ጀመር። ራሷ እየጾመች የሱፉን ወዝ ትጨምቃለች፤ ጠዋት አንድ ሳህን በሩ ላይ ታስቀምጥላትና ትመለሳለች። ቢያንስ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየቱን ተዪ ብዬ ለመንኋት። ለዚያ እሺ አለችኝ።

የቀረው የእኛው ጉዳይ ነበር። ከታማሚ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ከጀመርን እናቴም ክኒኑ ይገባታል። አንድ ምሽት ካፈጠርን በኋላ ነገርኋት።

«አላመመኝም» አለች።

ሳያምምሽ ነው የሚወሰደው አልኋት።

«አንቺ ስንት ዓመት እዚያ ክፍል ስትውዪ ወስደሻል?»

አልወሰድሁም ነበር። ሁልጊዜ እጀምራለሁ እላለሁ፤ ለሰው እያደልሁ ለራሴ ሳልጀምር ዓመታት አለፉ። ነገሩን የጨረስነው ሁለታችንም ተመርምረን አብረን እንድንጀምር ተስማምተን ነው። ዓርብ ዓርብ፣ ከኢፍጣር በኋላ። ዓርብ ሲደርስ ያቅለሸልሸኛል ትለኛለች፣ እኔንም ያቅለሸልሸኛል፣ ከዚያ እንውጣለን። ለሰው ቀላል ነው እያልሁ ስሰጠው የኖርሁት ክኒን ቀላል እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚያ መካከል የጥናቱ የመጨረሻ ዙር መጠይቅ ደረሰ። የአያ ቤተሰብ ገጽ ተከፈተልኝ። ለልጃቸው የሚለው፣ ክኒኑን ጨርሳለች ወይስ አቋርጣለች? አቋርጣለች። ምክንያቱ? ምርጫዎቹ ተደርድረዋል፤ መድኃኒቱ ስላልተስማማት፣ ስላልፈለገች፣ አካባቢ ስለቀየረች፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነካሁና፣ «እኔ እንዳይሰጣት ስላልሁ» ብዬ ጻፍሁ።

በማግስቱ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ወረቀት በወረቀት ላይ የተከመረበት ጠባብ ክፍል ነው። እሱም እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል። የጻፍሁትን አንብቦ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርሁት። ካዳመጠኝ በኋላ መመሪያውን ተከትለሻል፣ ክኒኑ ያነሰው በአንቺ ጥፋት አይደለም፣ ምክንያቱን «አቅርቦት መቋረጥ» ብለን እናርመው አለኝ። ሕመሟም ከጥናቱ እንደማይወጣ፣ በሕክምና ወጪ በኩል እንደሚደመር አስረዳኝ።

«እንዲያውም» አለና ቆም አለ። «እንዲያውም የእሷ መታመም ክኒኑ እንደሚያዋጣ ነው የሚያሳየው።»

ለክፋት እንዳላለው አውቃለሁ። ልክም ነው። የእሷ የስድስት ወር ሕክምና፣ ያልፈተለችው ጠጉር፣ የመኪናው፣ ልጆቿን ትታ የመጣችበት ጊዜ፣ ሁሉም ተደምሮ ከዚያ ከቀረባት ጥቂት ክኒን ጋር ሲተያይ ሂሳቡ አያጠራጥርም። በሚቀጥለው ጊዜ ለመካነ ብርሃን ሰው በቂ ክኒን እንዲላክ የሚያደርገው ይኸው ሂሳብ ሊሆን ይችላል።

«ለእሷስ ምን ልበላት?» አልሁት።

ምክንያቱ «አቅርቦት መቋረጥ» ተብሎ ታረመ፤ እኔም አልተቃወምሁም።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕክምና ከጀመረች ከወር በላይ ሆኗታል፤ ሳሏ ቆሟል፣ ፊቷም መሙላት ጀምሯል። እናቴ ከየት እንዳመጣችላት አላውቅም፣ ጥጥ ትፈትላለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። የምነግራት ነገር እንዳለኝ ነገርኋት። ክኒኑ ሲያንስ ኤክስቴንሽኗ እኔን እንደጠየቀችኝ፣ ለማን እንደሚሰጥ የወሰንሁት እኔ እንደሆንሁ፣ እሷን የተውኋት እኔ እንደሆንሁ ነገርኋት።

ክሩን ሳትለቅ አዳመጠችኝ።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ስልኩን ጮክ አድርጋ ነበር የያዘችው። እቤታችን ሆና ነው የደወለችው። ጠንካራ ናት ስትዪ ሰምቼሻለሁ።»

ተራራ ላይ የመሰለችኝ ኤክስቴንሽን እነሱ በር ላይ ኖራለች።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ቀጥላ። «ጠንካራ ነሽ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ሥሪ ነው የሚለኝ።» ትንሽ ፈተለች። «ብትጠይቂኝ እኔም ለልጆቹና ለእናቴ ይሁን እል ነበር። ግን አልጠየቅሽኝም።»

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ይቅር በይኝ አልኋት። እግዜር ይቅር ይበልሽ አለችኝ፤ እንደማንኛውም ሰው አለችውና ፈትሏን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አንስተን አናውቅም።

ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጆቿ ናፈቋት። ሐኪሙ ቀሪውን መድኃኒት እዚያው እንድትወስድ ጻፈላት። የደባርቅ መኪና ላይ ያሳፈርኋት እኔ ነኝ። እናቴ ለልጆቹ ልብስ አሰፍታ ነበር። መኪናው እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን፤ የተነጋገርነው ጥቂት ነው። አያ በእግራቸው ገበያ መሄድ እንደጀመሩ ነገረችኝ፤ ሰኔ ሳይገባ ደርሳ ለእርሻው ሰው ማፈላለግ እንዳለባትም ነገረችኝ።

የጥናቱ ውጤት የቀረበው በሐምሌ ነው። ከከተማውም ከወረዳም ኃላፊዎች ተጠርተው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። መምህሩ ስዕላዊ መግለጫውን እያሳየ በደንብ አስረዳ፤ ከታማሚ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የሚሰጠው ክኒን እንደሚያዋጣ፣ ቤተሰብን ከብዙ ኪሳራ እንደሚያድን፣ ይህ የሚሆነው ግን ክኒኑ ሳይቋረጥ ከደረሰ ብቻ እንደሆነ። አጨበጨብን። አንድ ኃላፊ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ጠየቁ፤ ሌላው ሐሳቡ ለበላይ አካል እንደሚቀርብ ተናገሩ። ለሻይ ሲወጡ እኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ባጃጅ አጥቼ እስከ አራዳ በእግሬ ሄድሁ።

በነሐሴ ስልክ ደወለችልኝ። ሕክምናዋን ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት፣ የመጨረሻው ምርመራዋም ንጹሕ ሆኗል። ልጆቹ ደህና ናቸው። አዲስ ክኒን ወደ ወረዳው መግባቱንም ከእሷ ነው የሰማሁት። ኤክስቴንሽኗ መጥታ፣ ጎረቤቶቻችን ያልታመመ ሰው ክኒን አይውጥም ብለው አስቸገሩኝ፣ አንቺ የደረሰብሽን ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል፣ በየቤቱ አብረሽኝ ዙሪልኝ ብላ ለምናታለች።

ምን አልሻት አልኋት።

«ደክሞኛል አልኋት» አለችኝ። «አንዱን ቤት እሄዳለሁ፣ የእህቴን ቤት። ሌላውን ራሷ ትሂድ። አጥፍቻለሁ?»

ደጄ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ከሥር በሚመጣ ሳል ያስላል። አላጠፋሽም፣ ሸጋ አድርገሻል አልኋት። ስለ ገብሱ ጠየቅኋት፤ ዘንድሮ ሸጋ ነው አለችኝ። ከዚያ የእሷም ካርድ አለቀ፣ እኔም ቀጣዩን ታማሚ አስገባሁ።